የ64 ሲኒማ ወንበሮች ልብስ ልቀይር ነው፤ ሌዘር ወይስ ጨርቅ?

ትንሿ አዳራሽ | ጥቅምት 4፣ ማታ

ሰላም ጎበዝ፤ እንዴት ከረማችሁ? ደብረ ማርቆስ ላይ ትንሽ የፊልም ማሳያ ክፍል አለችኝ። ትንሽ ስል የምር ትንሽ ናት፤ 8 ረድፍ፣ በየረድፉ 8 ወንበር፣ ጢም ብላ ስትሞላ 64 ሰው። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ነበር የደረደርኩባት። ከ4 ዓመት በፊት አዲስ አበባ አንድ አዳራሽ ሲታደስ ያወጣውን ታጣፊ ወንበር በጅምላ ገዝቼ፣ በአይሱዙ አስጭኜ ዓባይን አሻገርኩት። ያኔም ዕድሜ የጠገበ ነበር፤ አሁን ግን ጨርሶ አለቀ።

ያለበትን ሁኔታ ላስረዳ። ጉልበት የሚታጠፍበት የፊት ጠርዝ በአብዛኛው ተተርትሯል። ስፖንጁ ደቅቆ፣ ፊልም ባለቀ ቁጥር ወለሉ ላይ እርድ የተነፋ ይመስላል። 11 ወንበር ደግሞ ሰው ሲነሳ አብሮ አይነሳም፤ ተዘርግቶ ይቀራል፣ በጨለማ የሚያልፍ ሰው ጉልበቱን ይመታዋል። ክረምቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢው የራሰ ሁሉ ገብቶ ወንበሩ ላይ ይጨመቃል። አሁን እንኳ ፀሐይ ወጥቶ ሽታው አልለቀቀም።

ሁለት ባለሙያ አነጋግሬያለሁ። አንዱ ሶፋ ሰሪ ነው፤ «ሁሉንም ሌዘር (ሰው ሠራሹን ቆዳ) አልብሰው፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልወል ታደርገዋለህ፣ ተገላገልክ» አለኝ። ሌላው የመኪና ወንበር ልብስ ይሰፋል፤ ያለውን ሳላነሳ ከላይ ደርቤ በሳምንት አስረክብሃለሁ ይላል። እናንተ ምን ትላላችሁ? ዋጋ አትጠይቁኝ፣ ጠዋት የነገሩኝ ማታ አይገኝም።

አይሱዙው | ጥቅምት 4፣ ማታ

ሌዘር። ምኑ ይጠየቃል? ፈንዲሻ በዘይት እየበላ እጁን ወንበሩ ላይ ለሚጠርግ ሕዝብ ጨርቅ አይገዛም።

ድምፅ ከባሕር ዳር | ጥቅምት 5፣ ጠዋት

ወንድሜ፣ ሌዘሩን ከመግዛትህ በፊት አንዴ ስማኝ፤ የኔን እሳት አንተ አትሙቀው።

ከአንድ ወዳጄ ጋር 50 ወንበር የያዘች ክፍል ነበረችን። ግድግዳው ልስን፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ኮርኒስ። ወንበሮቹ ወፍራም ጨርቅ ለብሰው ሳለ ድምፁ ደህና ነበር። ጨርቁ ሲያልቅ ልክ እንዳንተ ተመከርንና ሁሉንም ጥቁር ሌዘር አለበስነው። በማግስቱ ድምፅ ማጉያውን ስከፍት የተናጋሪው ቃል እርስ በርሱ ተደራርቦ «ምን አለ? ምን አለ?» መባባል ሆነ። ስፒከሩን ወቀስን፣ ካቦውን ቀየርን፣ አምፕሊፋየር ተውሰን ሞከርን። ጥፋቱ ግን ስንቀመጥበት የነበረው ነገር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨርቅና ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ቀዳዳ ስላላቸው ድምፅ ይገባባቸዋል፣ እዚያው ይዳከማል። ሌዘር ግን ላዩ ድፍን ነው፤ በተለይ ቀጫጭኑን ድምፅ፣ ማለትም «ሰ» እና «ሸ» የሚሉትን ፊደሎች፣ መልሶ ይወረውራል። አዳራሹ በሰው ሲሞላ ብዙም አይታወቅም፤ የሰው ልብስ ራሱ ድምፅ ይውጣል። ፈተናው 15 ሰው ብቻ የገባበት የሰኞ ማታ ላይ ነው። ደህና የሲኒማ ወንበር እኮ ባዶውንም ሰው እንደተቀመጠበት ያህል ድምፅ እንዲውጥ ታስቦ ነው የሚሠራው። ታጥፎ ሲነሳ የሚታየው ሆዱ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበትም ለጌጥ አይደለም።

አሁኑኑ የምታደርገውን ልንገርህ። አዳራሹ ባዶ ሳለ መሀል ላይ ቆመህ አንድ ጊዜ አጨብጭብና በስልክህ ቅዳው። ልብሱን ከቀየርክ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ድገመው። ልዩነቱን ጆሮህ ይነግርሃል።

አይሱዙው | ጥቅምት 5፣ ጠዋት

እኔ ፊልም የማየው ሐምሌ ላይ በቆርቆሮ ሥር ነው። ዝናቡ ሲጀምር ጨርቅም ይሁን ሌዘር አልሰማም 😂

ትንሿ አዳራሽ | ጥቅምት 5፣ ቀትር

@አይሱዙው የኛም ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ ከተሠራ ወዲህ ግን ትንሽ ተሻሽሏል። ነሐሴ ላይ ግን እውነትህን ነው፣ አስቁመን ቡና የምንጠጣበት ቀን አለ።

@ድምፅ ከባሕር ዳር ጭብጨባውን ቀዳሁት። ልብ ብዬ ስሰማው አሁንም ትንሽ ያስተጋባል፤ ስፖንጁ ስላለቀ ይሆን?

ባለወስፌ (ፍኖተ ሰላም) | ጥቅምት 5፣ ማታ

ልጄ፣ ሌዘር ወይስ ጨርቅ የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «ከሥር ምን አለ?» ነው። አንድ ወንበር ሳትፈታ ስለ ልብስ የነገረህ ሰው ልብስ ሻጭ ነው እንጂ ባለሙያ አይደለም።

ደርቦ መስፋቱን እርሳው። እኔ በዚህ ሥራ ስኖር ከተደረበ ልብስ ሥር ያላገኘሁት ነገር የለም። ትኋኑ እዚያ ተቀምጦ አዲስ ቤት ተሠራለት ማለት ነው። እርጥበቱም እንደታፈነ ይቀራል። ደግሞ ታጣፊ ወንበር ነው ብለሃል፤ በእያንዳንዱ ጎን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከጨመርክበት መቀመጫው ከክንድ ማሳረፊያው ጋር እየተፋተገ ወይ አይነሳም ወይ አይወርድም። 11 ወንበር አይነሳም ያልከው ራሱ፣ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ደርቦበት እንዳይሆን።

መቀመጫውን ብቻ አይደለም፣ መደገፊያውንም ፍታ። አንዱን ከፊት ረድፍ፣ አንዱን ከኋላ አውጣ። የኋላው ረድፍ ሁልጊዜ የባሰ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወጣቶቹ ያውቃሉ።

እትዬ ስፌት | ጥቅምት 6፣ ጠዋት

ጋሼ ባለወስፌ እንዳሉት። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የድሮውን ልብስ ስትፈታው አትቅደደው። በምላጭ ስፌቱን እየለቀምክ አውጣው። ቅዱ ያ ነው፣ ሌላ ልክ አትፈልግም። መሀሉን በጠመኔ አስምርበትና ፎቶ ላክ።

ትንሿ አዳራሽ | ጥቅምት 8፣ ማታ

ፈታሁ። ምነው ባልፈታሁ።

ሁለት ወንበር አወጣሁ፤ 2ኛው ረድፍ ቁጥር 3 እና 8ኛው ረድፍ ቁጥር 7። መቀመጫውን የያዙት 4 ቡሎኖች ናቸው፤ ሁለቱ በቀላሉ ወጡ፣ አንዱ ናፍታ ተንጠባጥቦበት አድሮ ወጣ፣ አንዱን መጋዝ አስነካሁት። ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ደረቅ ነገር ተንኮሻኮሸ። የሆዱን ላሜራ ሳነሳ የወረደው ፈንዲሻ፣ የለውዝ ልጣጭ፣ አንድ ቁልፍ፣ ሦስት የ1 ብር ሳንቲም እና እንደ ድንጋይ የደረቀ ማስቲካ ነው። ማስቲካው ብቻውን ከሁለት ቡጢ አያንስም፤ ሰው እጁን ከወንበር ሥር አስገብቶ ሲለጥፍ ነው የኖረው።

ቀዩን ጨርቅ በምላጭ ፈትቼ ሳነሳ ከሥሩ አረንጓዴ ከፋይ ብቅ አለ። ጋሼ፣ ልክ ነበሩ፤ ከኔ በፊት የነበረ ሰው ደርቦበታል። አረንጓዴው መሀሉ ላይ አልቆ ክሩ ብቻ ቀርቷል፣ ጠርዙ ላይ ግን አሁንም እንደ አዲስ ያበራል። ስፖንጁን በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፍር አለ፤ መሀሉ ቡኒ፣ ዳር ዳሩ ቢጫ። ከስፖንጁ ሥር ደግሞ የተጣጠፈ ጆንያ አለ። የሰመጠውን ለመሙላት መሆኑ ነው።

ከሥር ያለው ጣውላ፣ ኮምፔንሳቶው፣ የ2ኛው ረድፍ ደህና ነው፣ የ8ኛው ግን ንጣፎቹ ተላቀው እንደ ቂጣ ተለያይተዋል፤ አንድ ጊዜ ጣሪያው ያፈሰሰው እዚያ ጥግ ላይ ነበር።

ትኋን አላየሁም። ግን በስፌቱ መስመር ላይ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ምንድን ነው?

ደጀን ላይ | ጥቅምት 8፣ ማታ

የትኋን ኩስ ነው ወንድሜ። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥረገው፤ ወደ ቀይ ቡኒ ከዘረጋ አበቃ።

ተማሪ ቤት ሳለን አልጋ ላይ እንዲህ ነበር የምናውቀው። አንድ ነገር ግን ልለምንህ፤ ነጭ ጋዝ አትርጭበት። ሰው ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነው። ስፖንጅና ጨርቅ ጋዝ ጠጥቶ፣ ከዚያ 64 ሰው በጨለማ ዘግተህበት፣ አንዱ ጥግ ላይ ሲጋራ ቢለኩስስ? እንቁላሉንም በእርግጠኝነት አይገድለውም። ጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልዬ ፀሐይ ላይ አስጣዋለሁ ካልክም፣ ላዩ ይሞቃል እንጂ መሀሉ ብዙ ጊዜ አይደርስለትም፤ ትኋኑም ወደ ቀዝቃዛው ይሸሻል።

ባለወስፌ (ፍኖተ ሰላም) | ጥቅምት 9፣ ጠዋት

ደጀን ላይ ያለው ልጅ ያለው ትክክል ነው። የድሮው ስፖንጅና ጨርቅ ከከተማ ወጥቶ ይወገድ፤ እዚያው ግቢ አታከማቸው፣ ለፍራሽ ሰፊም አትሽጠው፣ ሰው ቤት ይገባል። ብረቱንና እንጨቱን የፈላ ውኃ አፍስስበት፤ በተለይ የስቴፕለር ሽቦ የተነቀለበትን ቀዳዳና የቡሎን ጉድጓዱን። የፈላ ውኃ እንቁላሉንም ይጨርሳል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይድረቅ፤ ጥቅምት ነው፣ አይዞህ። እርጥብ እንጨት ላይ ልብስ በስቴፕለር እንዳትመታ፣ ሻጋታው ከውስጥ ይመጣል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አውጣ። በረድፍ በረድፍ ካደረግከው ከ5ኛው ረድፍ ወደ 4ኛው ይሸጋገርና ላብህ መና ይቀራል። ምግብ ሳይቀምስ ወራት ሙሉ የሚቆይ ፍጡር ነው።

የተላቀቀውን ኮምፔንሳቶ ልቀጥለው አትበል። 12 ሚሊ ሜትር አስቆርጥ፤ አሮጌውን እንደ ልክ ተጠቀምበት፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ሁለቱን ደራርበህ በአንድ ጊዜ ብሳ። የአየር መውጫ ቀዳዳ 5 ወይም 6 ጨምርበት። ሰው ዱብ ሲል ስፖንጁ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ካጣ ስፌቱን ነው የሚያፈነዳው።

አይሱዙው | ጥቅምት 9፣ ቀትር

ኮምፔንሳቶውን ትተህ ጠፍር ብታደርገው? አያቴ አልጋ ላይ 40 ዓመት የተኛበት ጠፍር አሁንም አለ። እየቀለድኩ አይደለም።

ባለወስፌ (ፍኖተ ሰላም) | ጥቅምት 9፣ ማታ

ቀልድ አይደለም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጠፍር እርጥቡን ይወጠራል፣ ሲደርቅ ይሰበሰብና እንደ ከበሮ ይሆናል። ግን ክረምት ላይ እርጥበት ሲስብ ይረግባል፣ አይጥም ይወደዋል። አልጋ ቢረግብ መልሰህ ትወጥረዋለህ፤ 64 ወንበር በየነሐሴው ማን ይወጥራል?

መሀሉ ባዶ የሆነ የብረት ማዕቀፍ ላለው ወንበር እኔ ከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጡን ላስቲክ፣ ነው የምጠቀመው። የመኪና ከመነዳሪ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት እየቆረጥክ፣ ከርዝመቱ አንድ አሥረኛ ያህል እየሳብክ፣ እንደ ጠፍሩ አልጋ ላይና ታች እያሾለክህ ትወጥረዋለህ። የዚህ ልጅ ወንበር ግን ድፍን እንጨት ነው፤ ድፍኑ ይበቃዋል። ምቾቱ ከስፖንጁ ይምጣ።

ትንሿ አዳራሽ | ጥቅምት 11፣ ጠዋት

ስፖንጅ አዲስ አበባ መርካቶ ላለ ሰው ደውዬ ነበር። «ዴንሲቲ 40 ነው፣ አልጋም ሶፋም ይሆናል» ይላል። ናሙና ላከልኝ፤ ስጨብጠው ለስለስ ብሎ ደስ ይላል። ልዘዝ?

ባለወስፌ (ፍኖተ ሰላም) | ጥቅምት 11፣ ማታ

በእጅ መጨበጥ አያሳይም። እኔንም በእጄ ስጨብጥ ያታለሉኝ ስንት ጊዜ ነው። ሚዛን ላይ አውጣው።

ዴንሲቲ የሚሉት አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ስለዚህ 10 ሳንቲ ሜትር በ10 በ10 አድርገህ ቁረጥ። ይህ አንድ ሊትር ነው፤ ስንት ግራም መዘነ? ግራሙ ራሱ ዴንሲቲው ነው። ናሙናው 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው 10 በ10 ቁረጥና የመዘነውን ለ0.8 አካፍል። ወርቅ ቤት ብትሄድ በደቂቃ ይመዝኑልሃል፤ ከሳቁብህ ይሳቁ።

ደግሞ ክብደትና ጥንካሬ አንድ አይደሉም። ከባድ ሆኖ ለስላሳ፣ ቀላል ሆኖ ደረቅ ስፖንጅ አለ። ዕድሜውን የሚነግርህ ክብደቱ ነው፣ ቅምጡን የሚነግርህ ጥንካሬው። በቀን ሦስት ጊዜ ሰው ለሚፈራረቅበት ወንበር ከ35 በታች አትግዛ፣ 45 ካገኘህ እሰየው። የቤት ፍራሽ ስፖንጅ ዓመት አይሞላውም።

ትንሿ አዳራሽ | ጥቅምት 12፣ ቀትር

ወርቅ ቤት ሄድኩ፣ ሳቁብኝ። 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 10 በ10፤ 18 ግራም። ለ0.8 ሳካፍለው 22 ተኩል። 40 ያለኝ ሰው ስልክ አያነሳም።

ደጀን ላይ | ጥቅምት 12፣ ቀትር

😂😂 ቀሪዋን 17 ተኩል ቆጥበህ ስጠው በለው።

እትዬ ስፌት | ጥቅምት 12፣ ማታ

ፎቶውንና የላክኸውን ልክ አየሁት። ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚበቃህ ላስላልህ፣ ሻጩ እንዳይደምርብህ።

መቀመጫህ በሳንቲ ሜትር 48 ስፋት በ46 ጥልቀት፣ አዲሱ ስፖንጅ ከነንጣፉ 9 ውፍረት። ግራና ቀኝ 9፣ 9 ሲወርድ፣ ከሥር መታጠፊያ 5፣ 5 ሲጨመር፣ ስፋቱ 76 ይሆናል። የመደገፊያው ፊት 46፣ ጎኑ 5፣ 5፣ መታጠፊያው 4፣ 4፤ 64። የሶፋ ጨርቅ ወርዱ 140 ነው፤ 76 እና 64 ጎን ለጎን ድምሩ 140። ደስ ይላል አይደል? አይደለም። የጨርቁ ዳርና ዳር አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር አይቆጠርም፣ በእጅህ ያለው 138 ነው። ስለዚህ የመቀመጫውን መታጠፊያ 4፣ 4 አድርገው፤ 74 እና 64፣ ልክ 138። ርዝመቱ ለሁለቱም 75 ይበቃል። 64 ጊዜ 75 ሳንቲ ሜትር 48 ሜትር ነው። ለስህተትና ለጥገና 4 ሜትር ጨምር፤ 52። ሁሉንም ከአንድ ጥቅል ቁረጥ፤ «ያው ቀለም ነው» ብለው ከሁለት ጥቅል ከሰጡህ፣ መብራት ሲበራ ልዩነቱ ያፈጥብሃል።

ስፖንጁን ደግሞ ከእንጨቱ አንድ ሳንቲ ሜትር አስበልጠህ ቁረጠው፤ 49 በ47። ልብሱን ከውስጥ ገፍቶ የሚወጥረው እሱ ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ90 ከሆነው ንጣፍ 8 መቀመጫ ይወጣል፣ ለመቀመጫ 8 ንጣፍ ይበቃሃል። ከስፖንጁና ከጨርቁ መሀል ስስ የትራስ ፋይበር አንጥፍ፣ ካልተገኘ አቡጀዲ አልብሰው። ጨርቅ በቀጥታ ስፖንጅ ላይ ከተፋተገ ስፖንጁን የሚያደቅቀው ራሱ ጨርቁ ነው።

ቅዱን የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ገልብጥ። ጠንካራ ነው፣ 64 ጊዜ ጠመኔ ብታስኬድበት አይቀደድም።

ሌዘር የሚሰፋ ካለ ደግሞ አንድ ነገር፤ ስፌቱን አታጥብበው። በአንድ ስፌት 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር። የጠበበ ስፌት ሌዘር ላይ እንደ ቴምብር ጠርዝ ቀዳዳ ይደረድርበታል፣ ከዚያ አንድ ጎረምሳ ሲቀመጥበት መስመሩን ይዞ ይቀደዳል። ክሩ ናይለን ይሁን። የጥጥ ክር ላብና እርጥበት ይበላዋል።

ድምፅ ከባሕር ዳር | ጥቅምት 13፣ ጠዋት

እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ።

ሌዘሩን ጨርሶ አትጣለው፤ ቦታ አለው። ክንድ ማሳረፊያውንና የመደገፊያውን ጀርባ፣ ከኋላ ያለው ሰው ጫማውን የሚያሳርፍበትን፣ ሌዘር አድርገው። መቀመጫውና የመደገፊያው ፊት ጨርቅ ይሁን። ሌዘር ስትገዛ ደግሞ ፒዩ የሚሉትን ለስላሳውን ሳይሆን ፒቪሲውን ውሰድ። ፒዩው ሲነኩት የእውነት ቆዳ ይመስላል፣ ግን እርጥበት ቀስ በቀስ ይፈታውና እንደ ድንች ልጣጭ ይላጣል።

ቀለሙ ደብዛዛና ጠቆር ያለ ይሁን፤ ወይን ጠጅ፣ ጥቁር ሰማያዊ። የሚያብለጨልጭና የነጣ ነገር የስክሪኑን ብርሃን መልሶ ወደ ኮርኒሱ ይረጨዋል፣ ምስልህ ይደበዝዛል።

ትንሿ አዳራሽ | ኅዳር 2፣ ማታ

ጠፍታችሁ ነበር አልላችሁም፣ የጠፋሁት እኔ ነኝ። አዳራሹን ዘግቼ ነው የከረምኩት።

በመጀመሪያ የምሥራች፤ የማይነሱት 11 ወንበሮች። 7ቱ ምንም አልሆኑም፤ ማዞሪያቸው ላይ የስፖንጅ ዱቄትና የለስላሳ መጠጥ ስኳር ተጋግሮባቸው ነበር። በናፍታ አጥቤ ግራሶ ስቀባቸው ብድግ አሉ። የ4ቱ ሞላ ተሰብሯል፤ አንድ መካኒክ ከአሮጌ ሞላ ቆርጦ ጠመዘዘልኝ። አንዱ ከመጠን በላይ ጠንክሮ ሰው ሲነሳ እንደ ወጥመድ ይዘጋል፣ እሱን እንደገና መልሼዋለሁ።

ስፖንጁን ሌላ ሰው ጋ አገኘሁ፤ ሚዛኑ 38። ጨርቁ ወይን ጠጅ፣ አጠር ያለ ፀጉር ያለው። ማስቲሹን (የስፖንጁን ማጣበቂያ) መኪና ጣሪያ ላይ ጭነውብኝ በረሃው ላይ ሲግል ክዳኑን ገፍቶ ግማሹ ፈሷል፤ የአይሱዙውን ዘመዶች አመሰግናለሁ።

አሁን ጥፋቴ። እትዬ «ከአንድ ጥቅል ቁረጥ» አሉኝ፣ ቆረጥኩ። ግን ጨርቅ ለማትረፍ ብዬ አንዳንዱን ቅድ አዙሬ አስቀመጥኩት፤ ራሱ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች። የመጀመሪያውን ረድፍ ገጥሜ መብራት ሳበራ 8ቱ ወንበሮች እንደ ዳማ ሰሌዳ ሆኑ፤ አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ፈካ፣ አንዱ ጠቆር። ሻጩ አጭበረበረኝ ብዬ ስልክ አነሳሁ። ሚስቴ ቀስ ብላ እጇን በአንዱ ላይ ስታሳልፍ ለስላሳ፣ ቀጥሎ ያለው ላይ ስታሳልፍ ሻካራ። ፀጉሩ ተገላብጧል።

እትዬ ስፌት | ኅዳር 2፣ ማታ

አይይይ! ከፋይ ሰፍቶ ለማያውቅ ሰው መንገር ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ፀጉር ያለው ጨርቅ ሁሉ አንድ አቅጣጫ ነው የሚቆረጠው። መቀመጫው ላይ ከኋላ ወደ ፊት ይተኛ፣ መደገፊያው ላይ ከላይ ወደ ታች። ሰው ሲንሸራተት ከፀጉሩ ጋር ይሄዳል፣ ሱሪውንም አይዝም። ገና ያልሰፋሃቸው ላይ ከጀርባቸው በጠመኔ ቀስት ሣልባቸው። የተሳሳቱት ስንት ናቸው?

ትንሿ አዳራሽ | ኅዳር 3፣ ጠዋት

4 መቀመጫ፣ 1 መደገፊያ። ቀሪዎቹ ገና አልተመቱም ነበር። የተጨመረው 4 ሜትር ለዚህ ዋለ።

ባለወስፌ (ፍኖተ ሰላም) | ኅዳር 3፣ ማታ

አይዞህ፤ ሳያበላሽ የተማረ የለም። ማስቲሽ ትቀባለህና ይህን ስማ፤ የስፖንጁን ዳር ብቻ ቀባ፣ ሰው የሚቀመጥበት መሀል ላይ አታድርስ። ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል፣ ሰውየው «እዚህ ምን አለ?» እያለ ሲያፍተለትል ያመሻል። ሁለቱንም ፊት ቀብተህ ጣት ላይ መያዝ እስኪያቆም ጠብቅ፣ ከዚያ ግጠም።

ሥራው ደጅ ይሁን። በዚያ መሀል ቡና ይፈላ የሚል ሰው አይጠፋም፤ የከሰሉ ምድጃ ከሩቅ ይሁን። የማስቲሽ ተን ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ሄዶ ነው እሳት የሚያገኘው። እኔ ቅንድቤን ያጣሁት በዚህ ነው።

ልብሱን ስትመታ ደግሞ ከጥግ አትጀምር። የፊቱን መሀል አንድ፣ የኋላውን መሀል አንድ፣ ግራ አንድ፣ ቀኝ አንድ። ከዚያ ከመሀል ወደ ጥግ እየሄድክ። ጥጉ መጨረሻ ነው።

ደጀን ላይ | ኅዳር 3፣ ማታ

ስፖንጅ ሲቃጠል ጭሱ ራሱ መርዝ ነው፤ እሳቱ ሳይደርስ ሰው ይጥላል። ሥራው ሲያልቅ የመውጫ በሩን ወደ ውጭ የሚከፈት አድርገው፣ ፊልም እያለም ቁልፍ አይዙርበት። በነጻ የሚገቡ ልጆችን ለመከላከል ሲባል ከውጭ የሚቆለፍበትን ቤት አውቃለሁ።

ትንሿ አዳራሽ | ኅዳር 17፣ ማታ

ትናንት 56ኛው ተገጠመ። የቀሩት 8ቱ የመጨረሻው ረድፍ ናቸው፣ ኮምፔንሳቶ እየጠበቁ።

ጭብጨባውን ደገምኩት። ያው ቦታ፣ ያው ስልክ። የድሮው «ጧ» ብሎ ከኋላው የሚጎተት ነገር ነበረው፤ የአሁኑ «ጧ» ብሎ ያበቃል። ሚስቴን ዓይኗን አስጨፍኜ ሁለቱን አሰማኋት፤ «ሁለተኛው ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው» አለች።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። የወንበር ቁጥሩን ከአሮጌው ላይ የነቀልኩት የናስ ቁራጭ ነው፤ ቁጥሩ እስከ 300 ይሄዳል፣ የኔ ግን 64 ናቸው። አንዱን ወንበር 212 ብዬ ልተወው ወይስ አዲስ ላስቀርጽ?

አይሱዙው | ኅዳር 17፣ ማታ

212ን እንዳትነካብኝ። የኔ ወንበር እሷ ናት፣ ጫማዬንም አወልቃለሁ።